የባሕር ድንጋይ በከሚሴ

ድንጋዮቹ ከጅቡቲ በጭነት መኪና መጡ። በሚሌና በባቲ አድርገው ኮምቦልቻ ደረሱ፤ እዚያ ልጄ ሩመይሳ ሄዳ ተቀበለቻቸው። ግቢያችን ውስጥ ከባጃጅ ስናወርዳቸው በፎም ሣጥን ውስጥ፣ በእርጥብ ጆንያ ተጠቅልለው ነበር። ክዳኑ ሲነሳ ሽታቸው ቀድሞ ወጣ።

ሩመይሳ ጅዳ ስትኖር መጀመሪያ በሰው ቤት ሠራች። በኋላ የቤቱ ባለቤት ወደ ዓሣ ሱቁ ወሰዳት። የሚበላ ዓሣ አይደለም፤ በመስታወት ገንዳ ውስጥ ተቀምጦ የሚታይ ዓሣ ነው። ያንን ሥራ ተምራ መጣች። ከሚሴ ግን እንዲህ ያለ ሥራ ማን ያሠራል? ጀማለዲን እስኪመጣ ድረስ ማንም አልነበረም። ጀማለዲን መናኸሪያው አጠገብ ሆቴል እያስጨረሰ ነበር። በእንግዳ መቀበያው ግድግዳ ላይ ረጅም የመስታወት ገንዳ አሠርቶ የቀይ ባሕር ዓሣ እንድታኖርበት ቀጠራት። ሆቴሉ ለኢድ ሲከፈት ገንዳው ከደረሰ ቋሚ ሠራተኛ አደርግሻለሁ አላት።

ካልሆነ ወደ ጅዳ መመለሷ ነው። የድሮ አሠሪዋ ፈልጓታል፤ ደላላው ሰልማንም መልስሽ ምንድነው እያለ ይደውላል። እናቷ ረቢአ በዚህ እንቅልፍ አጥታለች። እኔ ሂጂም አትሂጂም አላልኩም። የምትሠራውን ብቻ አይ ነበር።

ድንጋይ ለዓሣ ምን ይረባዋል ብዬ ጠይቄያት ነበር። ድንጋዩ ሕይወት አለው አለችኝ። ቀዳዳው ውስጥ በዓይን የማይታዩ ነፍሳት ይኖራሉ። የዓሣውን ቆሻሻ የሚያጠፉት እነሱ ናቸው። እነሱ ከሌሉ ውሃው መርዝ ሆኖ ዓሣው ይሞታል። ስለዚህ ድንጋዩ ገብቶ ሲረጋ ነው ዓሣ የሚመጣው።

አመራረጧን ተቀምጬ ተመለከትኩ። እያንዳንዱን አንስታ በእጇ ትመዝናለች። ትልቅ ሆኖ ቀለል ያለው ጥሩ ነው፤ ውስጡ ቀዳዳ በቀዳዳ ነው። ድፍን ሆኖ የሚከብደውን ወደ ጎን ታደርጋለች። ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ቅርፊት የለበሰውን ስታገኝ ፊቷ ይፈታል። ነጭ ልጋግ የያዘውን በጥርስ ብሩሽ ትፈገፍገዋለች፤ የሞተውን በቢላ ጫፍ ታነሳለታለች። ይህን ሁሉ የምታደርገው በጨው ውሃ ውስጥ ነው። የቧንቧ ውሃ አታስነካቸውም። ከአንዱ ቀዳዳ ትንሽ ሸርጣን ወጥቶ በግቢው ሲሮጥ ረቢአ ቢስሚላህ ብላ በርጩማ ላይ ወጣች።

ጎረቤታችን ኑርሁሴን በአጥሩ በኩል ሲያይ ቆይቶ መጣ።

«ቦርከና ወንዝ ድንጋዩ አለቀ እንዴ፣ ከጅቡቲ የሚጫነው?» አለ።

«የቦርከናው ጨው አይችልም ጋሼ» አለችው ሩመይሳ።

«ጨው ከሆነማ ሰንበቴ ገበያ የአፋር ጨው ሞልቶልሽ።»

«እሱን ለበሬዎ ይስጡት። የኔዎቹ የሚፈልጉት ሌላ ነው።»

ኑርሁሴን ስቆ ሄደ። እሷ ግን የምሯን ነበር። የባሕር ውሃ ጨው ብቻ አይደለም፣ ብዙ ነገር አለበት ብላ ለዚሁ ተብሎ የተዘጋጀ ጨው በከረጢት አስመጥታለች። በተጣራ ውሃ በጥብጣ፣ በመለኪያ ለክታ፣ ሁለት ሰማያዊ በርሜል ሞላች። ድንጋዮቹን ለሁለት ከፍላ ከተተቻቸው። ውሃውን የሚያዞር ትንሽ ሞተር በየበርሜሉ አስገባች፤ ብርሃን እንዳያገኛቸውም በሸራ ሸፈነቻቸው። እንግዲህ መጠበቅ ነው አለች። በመንገድ የሞተው ሁሉ በስብሶ ማለቅ አለበት። ከውሃው ትንሽ ቀድታ ጠብታ ትጨምርበታለች፤ አረንጓዴ ከሆነ መርዙ አለ፣ ቢጫ ከሆነ ንጹሕ ነው። ሁልጊዜ አረንጓዴ ነበር። በየጊዜው ውሃውን ትለውጣለች። መብራት ሲጠፋ ሞተሩ ይቆማል፤ ያኔ እሷና እኔ እየተፈራረቅን ውሃውን በጆግ እየቀዳን ከላይ እንመልሰው ነበር። አየር እንዳያጣ ነው።

ሽታው ግን ከበደ። ከአረፋ በኋላ የተረሳ ሥጋ ይመስላል። ሰው ደጃችን ላይ ሲደርስ አፍንጫውን ይይዛል።

ረቢአ በዚህ መካከል ወዳጃ አሰናዳች። ሸሁንና ጎረቤቱን ጠርታ፣ ልጇ ዳግመኛ ባሕር እንዳትሻገር ዱአ ሊደረግላት ነው። በዋዜማው እኔ ፍየል ልገዛ ሰንበቴ ወረድኩ። ሩመይሳ የገንዳውን ማሞቂያ ለማምጣት ኮምቦልቻ ሄደች። ረቢአ ብቻዋን ቀረች።

እኛ ዘንድ የወተት ዕቃ ከሸተተ በግራዋ ቅጠል ይታሻል፣ ፀሐይ ይመታዋል፣ ከዚያ በወይራ ይታጠናል። ጨፋ ውስጥ ላም ያለው ቤት ሁሉ የሚያውቀው ነው። በዚህ የማይለቅ ሽታ የለም። ፍየሌን እየጎተትኩ ስገባ የአንደኛው በርሜል ድንጋዮች ወንፊት ላይ ተደርድረው፣ ከሥራቸው የወይራው ፍም ይጨሳል። ቁርበት ላይም ገና ተራ የሚጠብቁ ተሰጥተዋል። ነጭ ሆነዋል። ረቢአ የሁለተኛውን በርሜል ሸራ ይዛ ነበር።

«ተዪው» አልኳት።

«ምነው?»

«ተዪው ብያለሁ። እሷ ትምጣ።»

ሸራውን ለቀቀች። ለምን እንዳስቆምኳት ግን አልገባትም። እንዲያውም ኩራት ቢጤ ፊቷ ላይ ነበር።

ሩመይሳ ከባጃጅ ወርዳ ገና ከበሩ የጭሱ ሽታ ደረሳት። ቁርበቱ አጠገብ ቁጭ አለች። አንዱን ድንጋይ አንስታ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው፤ አስቀመጠችው። ሌላ አነሳች።

«አየሽ» አለቻት እናቷ፣ «አንቺን ይህን ያህል ያደከመሽ ሽታ በአንድ ጠዋት ለቀቀ።»

«እማ፣ ሞተዋል እኮ።»

«ድንጋይ ይሞታል?»

ሩመይሳ ነጩን ድንጋይ ዘረጋችላት። ረቢአ እኔን አየች። እኔም ራሴን በአዎንታ ነቀነቅኩ። ያኔ ገባት፤ ሻሿን ወደ አፏ ስባ መሬት ላይ ተቀመጠች።

«ለነገው ብዬ ነው» አለች። «እንዳትሄጂብኝ ዱአ ሊደረግ፣ እንግዳ ከደጅ እንዳይመለስ ብዬ።»

በማግስቱ ወዳጃው ተደረገ። ሸሁ ዱአውን አደረሱ፤ ሰዉ አሚን አለ። ሩመይሳ ሻይ እያዞረች ነበር። ከሽታው የተረፈ ብዙም ስላልነበረ ቤታችሁ ምን አገኘው ያለ የለም።

እንግዶቹ ከወጡ በኋላ ረቢአ አንድ ሐሳብ አመጣች። የታጠኑትን ከሥር አድርጊያቸው፣ ያሉትን ከላይ፣ ማን ያውቃል አለች። ሩመይሳ ሳትቆጣ አስረዳቻት። ዝም ብለው ደርቀው ቢሆን ኖሮ ከሥር ማድረግ ይቻል ነበር፤ ሕያዎቹ ቀስ በቀስ ያድኗቸዋል። አሁን ግን የግራዋው ምሬትና የወይራው ጭስ ቀዳዳቸው ውስጥ ገብቷል። ከሕያዎቹ ጋር ካደሩ እነሱንም ይገድላሉ። ስለዚህ የቀረው አንድ በርሜል ድንጋይ ነው፤ ለገንዳው ከግማሹ በላይ አይበቃም። ሌላ ቢታዘዝ ለኢድ አይደርስም።

ወደ ጀማለዲን ልትሄድ ስትነሳ ከዘራዬን አንስቼ ተከተልኳት።

ጀማለዲን ሠራተኞቹ ቀለም ሲቀቡ ቆሞ ይቆጣጠራል። ሩመይሳ ድንጋዩ እኩሌታው ተበላሽቷል፣ ጥፋቱ የኔ ነው አለችው። የእናቷን ስም አላነሳችም። እሱ ገንዳውን አየ፣ እሷን አየ።

«የተበላሸውንም ጨምረሽ ሙዪው» አላት። «ለኢድ ይታይልኝ። ዓሣው ቢሞት ሌላ ይመጣል።»

«እንደሚሞት እያወቅሁ አላስገባም።»

«ጅዳም ለአሠሪሽ እንዲህ ነበር የምትመልሺው?»

ጀማለዲን ወደኔ ዞረ። «አባ አብዱልሰመድ፣ እንዴት ነው እሷ እጅ ላይ ድንጋይ የሚበላሸው?»

«እሷ እጅ ላይ አልተበላሸም» አልኩ። «እናቷ ናት። ሸተተኝ ብላ በግራዋ አጥባ በወይራ አጠነችው።»

ጀማለዲንን ሳቅ ያዘው፤ ግድግዳ ሊደገፍ ሲል ቀለሙ ትዝ ብሎት እጁን መለሰ።

«ድንጋዩን? እንደ ወተት ዕቃ?» አለ። «ወላሂ የኔም እናት ብትሆን አትምረውም ነበር።»

ሳቁ ሲያልቅ ግን ነጋዴነቱ ተመለሰ። ሩመይሳ ገንዳውን መሐሉ ላይ በመስታወት እንክፈለው አለችው፤ ግማሹ ባለው ድንጋይ ይሠራል፣ ውሃው ሲጠራ ሁለት ሦስት ትንንሽ ዓሣ ይገባበታል፣ ሌላው ግማሽ ድንጋይ እስኪመጣ ይቆያል። በኢድ ቀን ግማሽ ባዶ ገንዳ ለሰው አላሳይም አላት። በመጨረሻ ባዶው ግማሽ ላይ መጋረጃ ይደረግበት ተባለ። ስለ ቋሚው ሥራ ስትጠይቀው ዓሣው በሕይወት ሲከርም እንነጋገራለን ብሎ ወደ ቀለም ቀቢዎቹ ሄደ። ቃሉን መልሶ ወሰደ ማለት ነው።

ወደ ቤት ተመለስን። መንገድ ላይ «ባትነግረው ይሻል ነበር አባዬ» አለችኝ።

«ጥፋቱ ያንቺ እንዳልሆነ ታውቂያለሽ። እሱም ይወቅ» አልኳት።

ሰልማን የደወለው በዚያው ሳምንት ነው። ሩመይሳ በርሜሉ ላይ ጎንበስ ብላ የቆየውን ውሃ በላስቲክ ቱቦ እየሳበች ታስወጣ ነበር። ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መሐል ያዘችው። ድምፁ እኔ ጋር ይደርሳል፤ ቦታው ይዘጋል፣ ዛሬ ቁርጡን ንገሪኝ ይላል። ረቢአ ቤቱ ደጃፍ ላይ እህል ትለቅም ነበር። እጇ ቆመ።

«ለሌላ ሰው ስጠው» አለችው ሩመይሳ።

ሰልማን ምን አግኝተሽ ነው አላት። ገና ምንም አላገኘሁም አለች። ታዲያ ሲላት፣ ድንጋይ ላይ ነኝ፣ ውሃ የሚለውጥላቸው የለም ብላ ስልኩን ዘጋችና ቱቦውን ወደ ባልዲው መለሰችው።

ረቢአ ሰፌዱን አስቀምጣ መጣች። አልሐምዱሊላህ ያለችው በሹክሹክታ ነው። እጅጌዋን ሰብስባ አንዱን ድንጋይ ላነሳልሽ አለች።

«እጅሽን ሳሙና ነክቶታል?» አለቻት ልጇ።

«አዎ፣ አሁን ልብስ ሳጥብ።»

«በንጹሕ ውሃ ታጥበሽ ነይ እማ። ደጋግመሽ።»

ረቢአ ወደ ቧንቧው ሄደች። እኔ ቱቦውን ለሩመይሳ ያዝኩላት።