በአራተኛውና በአምስተኛው ፎቅ መካከል

እኛ እስክንድርያዎች «ኖዋ» የምንለው የክረምት ማዕበል ከተማዋን መደብደብ ከጀመረ ሁለተኛ ቀኑ ነበር። ዳቦ ገዝቼ እየሮጥኩ ስመለስ ሃጃ ሰኒያ አሳንሰሩ ውስጥ ቆመው አገኘኋቸው። ስድስተኛ ፎቅ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ባላቸው የሞቱባቸው ጎረቤቴ ናቸው። እኔ ከእሳቸው በላይ ነኝ።

«ግቢ እንጂ፣ ምን ትገተሪያለሽ! ጉልበቴን በላሽው» አሉኝ።

ገባሁ። ያረጀው አሳንሰር እያቃሰተ መውጣት ጀመረ። አራተኛውን ፎቅ እንዳለፍን መብራት ጠፋ። ቆምን። ወዲያው ወለሉ ከእግራችን ሥር ትንሽ ከዳና እንደገና ያዘ።

«ያ ረቢ!» አሉ ሃጃ። «ሸሃታ! አንተ ሸሃታ! ሞትን!»

ሸሃታ የሕንፃችን ዘበኛ ነው። መልስ የለም። የሚሰማው ነፋሱና ጣሪያችን ላይ ጠብ ጠብ የሚል ውሃ ብቻ ነው። በመካከሉ ደግሞ ከላይ የሽቦ ገመዱ ሲጢጥ ይላል። ስልኬን አወጣሁ፤ ኔትወርክ የለም። የስልኩን መብራት ሳበራ ሃጃ የውስጡን ፍርግርግ ከፍተው የውጭውን በር መቀርቀሪያ ሲጎረጉሩ አየኋቸው። በሩ ተከፈተ። የአምስተኛው ፎቅ ወለል ደረታችን ጋ ደርሷል፤ ከእሱ በላይ ሰው ሊያሾልክ የሚችል ክፍተት አለ።

«ግፊኝ! ከኋላ ግፊኝና ልውጣ!»

ባለፈው ክረምት ከእኛ ጀርባ ባለው መንገድ አንድ ሰውዬ ከቆመ አሳንሰር እንዲሁ ሾልኮ ሊወጣ ሲል መብራት መጣና አሳንሰሩ ተነሣ። ግማሽ አካሉ ውጭ ነበር። ይህን ብነግራቸው ልባቸው ቀጥ ትላለች፤ ዝም ብላቸው ደግሞ ይወጣሉ።

«ሃጃ፣ እባክዎ ይቀመጡ። በእናትዎ!»

«አልቀመጥም! ታፈንኩ! አየር የለም!»

እውነትም ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ ነበር። ወገባቸውን አቅፌ ወደ ውስጥ ሳብኳቸውና አብረን ወለሉ ላይ ዘጭ አልን። ስልኩን እጃቸው ላይ ያደረግሁት ሌላ የምሰጣቸው ነገር ስለሌለኝ ነው። ከአክስቴ ልጅ ከታሚር ጋር ዓመት ሙሉ የሠራነውን ጨዋታ ከፈትኩላቸው። በጥቃቅን ካሬዎች የተሣለች ድመት ጃንጥላ ይዛ ከጣሪያ ጣሪያ ትዘላለች። ጠላት የለም፣ መሞት የለም፣ ሰዓት የሚቆጥር የለም።

«ይሄ ምንድነው? ትቀልጃለሽ?»

«ይቺን ይንኳት፣ ትዘላለች።»

ነኳት። ድመቷ ዘለለች። ሁለተኛው ጣሪያ ላይ ግን ስታ ወደቀች። ሃጃ ጮኹ።

«አይዞዎት፣ ይዩ፣ ጃንጥላው ይከፈታል። ቀስ ብላ ታርፋለች።»

«እሷስ ጃንጥላ አላት። የኛ የታለ?»

መልሴን ሳይጠብቁ ቀጠሉ። በጣታቸው አንድ ጣሪያ፣ ሌላ ጣሪያ፣ የእርግብ ቤት፣ የተሰጣ ልብስ።

«መጨረሻው የት ነው?»

«መጨረሻ የለውም። ኮምፒውተሩ ራሱ ሁሌ አዲስ መንገድ እየሠራ ያመጣል።»

«አስተግፊሩላህ! መጨረሻ የሌለው ነገር የጀሃነም ነው። መጨረሻ አድርጊለት!» አሉ፤ ጣታቸው ግን አላቆመም። ትንፋሻቸው ረዘም አለ። እኔ ዓይኔ ክፍተቱ ላይ ነበር። እዚያው አለ፣ ቅርብ ነው። እኔ ቀጭን ነኝ፤ ብዘል በአንዴ እወጣ ነበር። ይህን ሳስብ ጉልበቴ ራሱ ተነሣ፤ በግድ ነው መልሼ የተቀመጥኩት።

ያኔ ከላይ የሸሃታ ድምፅ መጣ።

«ኢንጂነር ራድዋ! ከአንቺ ጋር ማን አለ?»

«እኔና ሃጃ ሰኒያ! ጋሼ ሸሃታ፣ አውጣን!»

«ሞተሩ ጋ ነኝ! ውሃ ገብቶበታል። መንኮራኩሩን በእጄ አዙሬ ላወርዳችሁ ነው። ከበሩ ራቁ! ማንም እንዳይነቃነቅ!»

ብረት ሲመታ ተሰማ። ከዚያ ወለሉ ጠፋ።

ወደቅን። ምን ያህል እንደወረድን አላውቅም፤ በድንገት ስንቆም ጥርሴ ተጋጨ። ቀና ስል ክፍተቱ የለም። የአምስተኛው ፎቅ ወለል ከጭንቅላታችን በላይ ሄዷል፤ በቦታው እርጥብ ግድግዳ ብቻ አለ። ሁለታችንም ያንን ግድግዳ አየነው። ሃጃ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አደረጉ፤ ልሹለክ ሲሉ ጠርዙ ላይ ሊያርፍ የነበረው ቦታ።

የተሰበርኩት ያኔ ነው። እጄ፣ አገጬ፣ ትከሻዬ መንቀጥቀጥ ጀመረ። አየር ወደ ውስጥ አልገባ አለኝ። «እንሞታለን፣ እንሞታለን» የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ የራሴ ነበር።

«ዝም በይ አንቺ!» አሉ ሃጃ። ጭንቅላቴን ጭናቸው ላይ ጫኑትና ስልኩን ፊቴ ላይ ደቀኑት። «አሁን ተራው ያንቺ ነው። ተጫወቺ።»

«አልችልም።»

«አንቺ አይደለሽ የሠራሽው? እኔ አሮጊቷ የቻልኩትን!»

ጣቴን አስነኩኝ። ድመቷ ወደቀች። እንደገና ነካሁ፤ እንደገና ወደቀች። በሠራሁት ጨዋታ አንድ ጣሪያ መዝለል አቃተኝ። ሃጃ በአንድ እጃቸው ፀጉሬን እየደባበሱ ቁርአን ያነበንባሉ፤ የእሳቸውም ጭን ከሥሬ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ከዚያ አሳንሰሩ እንደገና ተነቃነቀ። የሃጃ አንገት ላይ ተጠመጠምኩ። ግን አልወደቅንም። ጣት በጣት እየቀነሰ፣ እየቆመ፣ እያቃሰተ ወረደ። የአራተኛው ፎቅ ሰዎች በሩን ፈልቅቀው ከፈቱትና እጅ ሰጡን። መጀመሪያ ሃጃን ገፋሁ። እኔ እንደወጣሁ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ።

ሸሃታ በውሃ ርሶ ወረደ። መንኮራኩሩ አንዴ አምልጦት ነበር፤ በባዶ መዳፉ ነው ያቆመው፤ ቆዳው ተልጧል።

«አመለጠኝ» አለ እያለቀሰ። «ኢንጂነር፣ አመለጠኝ። ገደልኳቸው አልኩ።»

ሃጃ ሻርፓቸውን ፈትተው እጁን ጠቀለሉለት።

የቀሩትን ፎቆች በእግር ወጣን፤ በየደረጃው እየተቀመጥን፣ ግድግዳውን እየተደገፍን። በራቸው ጋ ስንደርስ ክንዴን አልለቀቁም።

«ያ ክፍተት፣» አሉኝ ቀስ ብለው፣ «እንደሚገድል ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

ቁልፉን ለማስገባት ሞከሩ፤ እጃቸው እምቢ አለ። ተቀብዬ ከፈትኩላቸው። ያን ቀን ወደ ቤቴ አልወጣሁም። መብራቱ ሲመጣ ከግድግዳው ወዲያ አሳንሰሩ ድንገት ጓ ሲል፣ ሁለታችንም ሶፋው ላይ እጅ ለእጅ እንደተያያዝን ዘለልን።