ሰው ሲበላ የማታይ ሴት

"ጠግቤ ነው፤ እግዜር ይስጥልኝ" አለች ሸዋአየሁ፤ ሳህኑንም በእጇ ጀርባ ገፋ አደረገችው።

ትርንጎ ሳህኑን እንደያዘች ቆማ ቀረች። እናቷን እንኳየሁን ከቀበረች ሦስተኛ ቀኗ ነው። ሸዋአየሁ የቅርብ ጎረቤት ናት፤ የእድሩ ድስትና ብርጭቆ በእሷ እጅ ነው፤ ትናንት እዚሁ ድንኳን ውስጥ፣ እዚሁ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ሽሮውን አስጨምራ በልታለች። ዛሬ ጠገበች። ከጎኗ ያለችውም ሴት ጠግባ ነበር፤ ከእሷ ቀጥላ ያለችውም። ጎንደር፣ ፀዳ ሰፈር የተተከለው ድንኳን በሙሉ ባንድ ጊዜ ጠገበ።

ስንዱ በሩ አጠገብ ተቀምጣ ይህን ሁሉ ታያለች። ጥጋቡ ከየት እንደመጣ ከእሷ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ጠዋት ከወገራ በሚኒባስ ነው የመጣው። የድሮ መንደራቸው ሰዎች ለሠልስቱ ወርደው፣ እንደ ወጉ አልቅሰው፣ ደረታቸውን መትተው ተቀመጡ። ሹክሹክታው የተነሳው ከተቀመጡ በኋላ ነው። ለቅሶ ቤት ሹክሹክታ ሲዘዋወር ዐይን ላለው ሰው ይታያል፤ ነጠላ ወደ አፍ ከፍ ይላል፣ አንገት ወደ ጎን ዘንበል ይላል፣ ከዚያ ሁለቱም ሴቶች ምንም እንዳላወሩ የድንኳኑን ጣራ ያያሉ። የሰማችው ግን እጇን ከሳህኑ ታነሳለች።

"አንቺ ልጅ" አለቻት እናቷ ይርገዱ፣ ከኋላዋ ጎንበስ ብላ። እሷም ከመንደሩ ሰዎች ጋር የመጣች ናት። "እንዳትነኪው። የእንኳየሁ መቃብር አፈሩ ገና አልደረቀም፤ ዐይኗ እዚሁ ቤት ነው። አንቺን ደግሞ አንዴ ቀምሳሻለች።"

ስንዱ ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው። ማራኪ በሚባለው ሰፈር ቤት ተከራይታ ትኖራለች፤ አንድ ክሊኒክ ውስጥ የላብራቶሪ ባለሙያ ናት፤ ቀኑን ሙሉ የሰው ደም በማይክሮስኮፕ ስታይ ትውላለች። "እማዬ፣ ተይ ይሄን ነገር" ማለት ነበረባት። ሳህኑን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ዝም አለች። ዝም ማለት ድሮም ትችልበታለች።

ልጅ ሳለች ከትምህርት ቤት ስትመለስ የምትገባው እናቷ ቤት ሳይሆን እትዬ እንኳየሁ ቤት ነበር። እንኳየሁ ከቆላ አግብታ የመጣች ሴት ናት፤ ባሏ ሞቶባት ከልጇ ከትርንጎ ጋር ቀርታ ነበር፤ የምትተዳደረው በስፌት ነው። ስንዱን አጠገቧ አስቀምጣ አለላው እንዴት እንደሚጠቀለል ታሳያታለች፤ ስታበላሽባት ፈትታ እንደገና ትሰጣታለች። "ምነው ቸኮልሽ፤ ሌማቱ የት ይሄድብሻል?" እያለች ትስቅባታለች። አንድ ቀን የባቄላ እሸት እየፈለፈለች አበላቻት። ማታውን ስንዱን ትኩሳት ያዛት።

ትኩሳቱ እየባሰ ሲሄድ አያ የሻው ተጠሩ። መድኃኒት ያውቃሉ የሚባሉ፣ መንደሩ የሚያከብራቸውም የሚፈራቸውም ሰው ናቸው፤ ዛሬም ከወገራ ከመጡት ጋር ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጠዋል። ስንዱን ጋቢ አከናንበው ከሥሯ አጨሱባት። የጨሰው ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አታውቅም፤ የተቃጠለ ላባ ላባ ይሸት ነበር። ሰው ቤቱን ሞልቶታል።

"ማን ነሽ?" አሏት አያ የሻው።

"ስንዱ ነኝ።"

"መጀመሪያ እንዲህ ይላሉ" አሉ ለተሰበሰበው ሰው። "ጨምሩበት።"

ጭሱ ተጨመረ። ሳለች፣ አስመለሳት፣ እናቷን ጠራች። እናቷ እጇን ይዛ ታለቅሳለች እንጂ ጋቢውን አታነሳላትም። "ማን ነሽ? የት ያዝሻት? ምን ስትበላ ወጋሻት?" የሚፈልጉት ስም እንደሆነ ገባት። ስም ከሰጠቻቸው ጋቢው ይነሳል። በአፏ የመጣላት አንድ ስም ነበር፤ እሸት ያበላቻት፣ ከእናቷ ቀጥሎ የምትወዳት ሴት ስም።

"እንኳየሁ ነኝ" አለች።

ጋቢው ተነሳ፤ አየር አገኘች። ትኩሳቱም ውሎ አድሮ ለቀቃት። ዳባት ጤና ጣቢያ ወስደው መርፌ እንዳስወጓት በኋላ ማንም አላነሳውም፤ ምስጋናው የአያ የሻው ሆነ።

እንኳየሁን የመታት የለም፤ የሰደባትም የለም። ዝም ብለው ራቋት። ከቤቷ እሳት የሚጭር ጠፋ። ስፌቷ ሳይሸጥ ተከመረ። ለትርንጎ ሽማግሌ የላኩት ሰዎች ሐሳባቸውን ለወጡ፤ ትርንጎም ከዚያ ወዲህ ጠያቂ አላገኘችም። በመጨረሻ እናትና ልጅ ቤታቸውን ዘግተው ጎንደር ገቡ።

ትርንጎ የተመለሱትን ሳህኖች ደራርባ ከድንኳኑ ስትወጣ ስንዱ ተከተለቻት። ከድንኳኑ ጀርባ፣ ወደ አዘዞ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ የትርንጎ ቁርስ ቤት አለች። በቆርቆሮ የተሠራች አንድ ክፍል ናት፤ ባጃጅ ነጂዎችና ግንበኞች በየጠዋቱ ቦታ እየተሻሙ የሚበሉባት። እናትና ልጅ የኖሩት በእሷ ነው።

"እዚህም ደረሱብን" አለች ትርንጎ። አላለቀሰችም፤ ያልተነካውን ሽሮ እየገለበጠች ወደ ድስቱ ትመልሳለች። "ሸዋአየሁ ሰማች ማለት ፀዳ ሰማ ማለት ነው። ከእንግዲህ የእኔን እጅ ማን ይበላል? በምን ልኖር ነው?"

"ትርንጎዬ…"

"አንቺ እንኳ አልበላሽም። ሳህንሽን አየሁት።"

ስንዱ ከተደራረቡት ሳህኖች አንዱን አንስታ አቀበለቻት።

"አልፈርድብሽም። በላችኝ ያልሽው አንቺ ነሽ" አለች ትርንጎ። "አንድ ቀን ጠይቄያት ነበር። 'እማ፣ እውነት ነው?' ብያት ነበር። 'እኔ እንጃ ልጄ' አለችኝ። እንጃ! ሰው ስለራሱ እንጃ ይላል?"

ይላል። ስንዱ ይህን በጆሮዋ ሰምታለች፤ ከሰማችው ቀን ጀምሮም እንቅልፍ የላትም።

ዩኒቨርሲቲ በገባች ሰሞን ነበር ቅዳሜ ገበያ ከእንኳየሁ ጋር ፊት ለፊት የተገጣጠመችው። በሰው መሀል ልትሰወር ስትል እንኳየሁ ቀድማ ክንዷን ያዘቻት። "ልጄ፣ ትኩሳቱ ለቀቀሽ?" አለቻት። ስንት ዓመት ያለፈውን ትኩሳት!

ከዚያ ወዲህ ስንዱ እሑድ እሑድ ወደ ፀዳ ትመጣ ጀመር። እንኳየሁ ታበላታለች። ሳህኑን ታስቀምጥላትና ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች፤ ስንዱ በልታ እስክትጨርስ አትመለስም። ስንዱን ብቻ አይደለም፤ ማንም ሰው ሲበላ አታይም ነበር። ቁርስ ቤቱ ውስጥ ከመጋረጃ ጀርባ ሆና ሽንኩርት ትከትፋለች እንጂ ወደ ደንበኞቹ ብቅ አትልም። አራስ ጥየቃ ሄዳ ሕፃኑ ጡት ሲይዝ ነጠላዋን ዐይኗ ላይ ትጥላለች። የፀዳ ሰው ጨዋነት ነው ብሎ ወደደላት። ስንዱ ግን ምን እንደሆነ ታውቃለች፤ እያወቀችም ትበላለች።

መናገር ትችል ነበር። አሁን ልጅ አይደለችም፤ ጋቢ የሚያከናንባት የለም። ግን እናቷ በመንደሩ ፊት አንገቷን ትደፋለች፤ አያ የሻው ይዋረዳሉ፤ እሷም በሐሰት የሰው ቤት ያፈረሰች ትባላለች። እትዬ እንኳየሁ ደግሞ የተቀየመች አትመስልም። ይህን እያሰበች አንዱን እሑድ በሌላው ተካችው። ፈሪ ነበረች፤ ሌላ ስም የለውም።

ባለፈው ወር እንኳየሁ አልጋ ላይ ነበረች። ትርንጎን ውሃ አምጪልኝ ብላ አስወጣቻትና የስንዱን እጅ ያዘች።

"ዐውቄ አይደለም" አለቻት። "እግዜር ያየኛል፣ ክፉ አላሰብኩብሽም። ግን ሳላውቀው ከዐይኔ የወጣ ነገር ካለ… እሸቱን ስትበይ ደስ ብሎኝ ሳይሽ ነበር። ሳይሽ ነበር፣ ስንዱዬ። ይቅር በይኝ።"

ይህን ሁሉ ዘመን ራሷን ስትመረምር ኖራ እሷም አምናዋለች። ስንዱ አፏን ከፈተች። እውነቱ ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር። ትርንጎ ውሃውን ይዛ በሩን ስትገፋ ሰማችና ቸኮለች።

"ይቅር ብያለሁ" አለች።

እንኳየሁ እጇን ሳመቻት።

ስንዱ ትርንጎን ድስቱ ላይ ትታ ወደ ድንኳኑ ተመልሳ ገባች። አልተቀመጠችም። መሀል ላይ ቆመች።

"ስሙኝ" አለች። ድምፅዋ ቀጭን ሆኖ ወጣ። "እትዬ እንኳየሁ አልበላችኝም። ማንንም አልበላችም። ታይፎይድ ነው ያመመኝ። ስሟን የጠራሁት እኔ ነኝ፤ ጭሱ እንዲቆምልኝ ብዬ። አያ የሻው፣ ማን ነሽ እያሉ ሲያስጨንቁኝ የመጣልኝ የእሷ ስም ነው። እሷ ምንም አላደረገችኝም። ይቅር በይኝ ስትለኝ ይቅር ብያለሁ አልኳት። እኔ! እኔ ለእሷ!" ከዚያ በኋላ ቃል አልወጣላትም፤ እንባዋ ቀደማት፤ መላ ሰውነቷ ይንቀጠቀጥ ጀመር።

ስንዱ አንድ ሰው "ወይኔ!" እስኪል ጠበቀች።

"ኧረ በሥላሴ!" ብላ ይርገዱ ተነሳች። "ኧረ ልጄን! ሞታም አልለቀቀቻት! ኧረ ያዙልኝ!"

ሁለት ሴቶች ከግራና ከቀኝ ያዟት። አያ የሻው ዱላቸውን ተመርኩዘው መጡ። ዕድሜ አጉብጧቸዋል፤ ከልባቸው ያዘኑም ይመስላሉ። ፊቷን በሁለት እጃቸው ይዘው ትክ ብለው አዩዋት።

"ማን ነሽ?" አሏት።

"ስንዱ ነኝ! አያ የሻው፣ ስንዱ ነኝ!"

"መጀመሪያ እንዲህ ይላሉ" አሉ፣ ነገሩን ለማታውቀው ለሸዋአየሁ በትሕትና እያስረዱ። "ያን ጊዜም እንዲህ ነበር ያደረጋት። ራሷን ነጻ ልታወጣ በልጅቷ አፍ እየተናገረች ነው።"

ሸዋአየሁ አማተበች። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የሰማችው ወሬ ነበር፤ አሁን በዐይኗ አየች። ይርገዱ ከቦርሳዋ የፕላስቲክ ጠርሙስ አውጥታ የስንዱን ፊት በጠበል ረጨች። ስንዱ መጮኽ ፈለገች፤ በጮኸች ቁጥር ይበልጥ እንደምታረጋግጥላቸው ስለገባት ተወችው። ሰው ነጠላውን እየሰበሰበ ወጣ። ሳህኖቹ በየአግዳሚው ሥር ቀሩ። ትርንጎ በድንኳኑ በር ቆማ ሁሉንም አይታለች።

ማታ ይርገዱ ልጇን ጠበል ካልወሰድኩ ብላ ለመነች። ስንዱ "ደህና ነኝ እማዬ፤ አንቺ ግን ያን ጊዜ ጋቢውን ምነው ባነሳሽልኝ" አለቻት። ይርገዱ "ሰው ሁሉ እያየኝ እንዴት ላንሳው?" አለች።

በማግስቱ ጠዋት ስንዱ ወደ ፀዳ ተመለሰች። ድንኳኑ አልተነሳም፤ ውስጡ ግን ባዶ ነው። መንገዱ ዳር ባጃጆች ቆመዋል፤ የሌላው ቀን የትርንጎ ደንበኞች ናቸው፤ ነጂዎቹ ከሩቅ "እግዜር ያጽናሽ" ብለው ይመለሳሉ። ሸዋአየሁ በራፏ ላይ ሆና ታያለች።

"ደግሞ ምን ቀረሽ?" አለቻት ትርንጎ። "ትናንት ጨረስሽን። ምነው ዝም ባልሽ! ዝም ማለትስ ታውቂበት ነበር።"

"አውቅበት ነበር።"

"እውነቱን ለእሷ ብትነግሪያት ኖሮ… ለእሷ ብቻ። ሌላውስ ገደል ይግባ። እንደዚያ ሆና ባልሞተች ነበር።"

"አዎ" አለች ስንዱ። አንድ በርጩማ ከድንኳኑ አውጥታ፣ የሚያልፍ የሚያገድመው ሁሉ በሚያያት ቦታ፣ መንገዱ ዳር ተቀመጠች። "ርቦኛል ትርንጎዬ። ስጪኝ።"

ትርንጎ ቆማ አየቻት። ለቅሶ የመጣን ሰው ርቦኛል እያለ መመለስ አልሆነላትም፤ ገብታ እንጀራና ሽሮ ይዛ ወጣች። ሳህኑን በስንዱ ጉልበት ላይ አስቀመጠች። ከዚያም ፊቷን ወደ ቆርቆሮው ግድግዳ አዞረች።

ስንዱ ደነገጠች። ትርንጎ እንዲህ አድርጋ አታውቅም። ሰው ሲበላ ቆማ እያየች፣ "ይጨመር? ጨው አነሰው?" እያለች፣ ከባጃጅ ነጂዎቹ ጋር እየተቀላለደች የኖረች ሴት ናት። ዛሬ አንገቷ የእናቷን አንገት መሰለ።

ስንዱ ጠቅልላ አነሳች። ሽሮው በጣቶቿ መሀል ነጠላዋ ላይ ይንጠባጠባል። ባጃጅ ነጂዎቹ ወሬያቸውን አቁመው ያዩዋታል፤ ሸዋአየሁም ከበራፏ አልተነሳችም።

"ትርንጎ" አለች። "ስበላ እዪኝ።"

ትርንጎ አልዞረችም። ስንዱ ጉርሻውን እንደያዘች ጠበቀች። አንድ ሚኒባስ አልፎ ሄደ፤ አቧራው እላያቸው ላይ ረገፈ። ክንዷ ዛለ፤ አላወረደችውም።

ትርንጎ ቀስ ብላ ዞረች። ስንዱም ዐይን ዐይኗን እያየቻት ጎረሰች።