ልጁን ማን ይያዝ?

የራጅ ተለማማጇ ሔዋን ከጠዋት ጀምራ ቆማ እግሯ አብጧል። ራጅ ክፍሉ ደጃፍ ያለው ሰልፍ ግን ወይ ፍንክች! የሚዛን ከተማ ሰው ሁሉ አጥንቱን የተሰበረው ዛሬ ነው እንዴ? ደግሞ ያቅለሸልሻታል። ማርገዟን የሚያውቁት እሷና ቴፒ የሚያስተምረው ባሏ ታምሩ ብቻ ናቸው። ካወራች ጨረር ካለበት ክፍል ያስወጧታል፤ ልምምዷ ከተቋረጠ ደግሞ ምርቃቱ ለከርሞ ነው። ስንት ዓመት የለፋችበት! "ትንሽ እኮ ነው የቀረኝ" እያለች ራሷን ትደልላለች።

ጉዱ ደግሞ፣ ሴት በመጣች ቁጥር "እህቴ፣ ነፍሰ ጡር ነሽ?" ብላ የምትጠይቀው እሷው ናት።

ከሰዓት በኋላ ትርፌ የምትባል ሴት ከጌጫ ልጇን አዝላ መጣች። ልጁ ከቡና ማስጫው አልጋ ላይ ወድቆ ክንዱ አብጧል። እየተወራጨ ስለሚያለቅስ፣ ሰው ጥርቅም አድርጎ ካልያዘው ራጅ ማንሳት አይቻልም። ሔዋን እናቱን የተለመደውን ጠየቀቻት።

"ኧረ አይደለሁም!" አለች ትርፌ፣ በክፍቱ በር ሰልፉን ሰረቅ አድርጋ እያየች።

ሆዷ ሳይገፋ በሰው ፊት የምታወራ ማን አለች? የሰው ዓይን ይፈራል። ሔዋን በሩን ዘግታ ደግማ ጠየቀቻት።

"ነኝ" አለች ትርፌ አንገቷን ደፍታ። "ግን ያን የተሰቀለውን ከባድ ሽርጥ ለብሼ ብይዘውስ? ለአንድ ጊዜ ምን አለበት?"

"አይሆንም እህቴ። ነፍሰ ጡር እዚህ አትይዝም።"

የሚያሠለጥኗት ጋሽ ሳህሉ ሰልፉ አስጨንቋቸዋል። "በይ አንቺ ያዢው፣ እኔ አነሳለሁ" ብለው ጨረር የሚከላከለውን ከባድ ሽርጥ አቀበሏት።

ሽርጡን ይዛ ቆመች። ለአንድ ጊዜ ምን አለበት? ትርፌ ግን ትክ ብላ እያየቻት ነው። አሁን በዚህች ሴት ፊት እንዴት ብላ ትልበሰው!

"ጋሼ፣ እኔም... እኔም መያዝ አልችልም" አለች። እንባዋ ቀደማት።

ጋሽ ሳህሉ ሽርጡን ተቀብለው ራሳቸው ለበሱና ልጁን ያዙ። "አንሺው" አሏት። "ከነገ ጀምሮ ግን እዚህ ክፍል እንዳላይሽ። ለኮሌጁም መናገሬ አይቀርም።"

ትርፌ ከክፍሉ ስትወጣ፣ ሔዋን ከመከለያው ጀርባ ሆና አነሳችው። ምስሉ ጥርት ብሎ ወጣ።

ሔዋን ስትወጣ ትርፌ ልጇን ታቅፋ አግዳሚው ላይ ውጤት ትጠብቃለች። "በእኔ ሰበብ ነው አይደል?" አለቻት።

"አይደለም። ደክሞኛል" አለችና አጠገቧ ዘጭ አለች።

ትርፌ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብላ "ስንት ወርሽ ነው?" ብላ አንሾካሾከች።

"ሦስተኛውን ይዣለሁ" አለች ሔዋን፣ ሰልፉ ሁሉ እየሰማ።