የዝይዎች ማረፊያ

«እንግዲህ ዝይዎቹ የሚያርፉት እዚህ ነው» አለ የቦታ ስሞችን የሚያጠናው ዶክተር ሌርድ፣ የታተመውን ካርታ በሻይ ስኒዎቹ መሃል እየዘረጋ። በሩ ወለል ብሎ በተከፈተው ጓዳ፣ ስሞቹን አንድ በአንድ የነገረው ሩሪ ሬሳ ሣጥኑ ውስጥ ተጋድሟል። ለቀስተኞቹ ሁሉ «አዎ፣ አዎ» አሉ።

የሟቹ ልጅ ሾናክ ልትስቅ ምንም አልቀራትም። ቦታው ቀጥ ያለ ገደል ነው፤ ሥሩ ባሕር ይፈላል። እንኳን ዝይ ዝንብ አያርፍበትም። ሰውየው ግን ከካርታው ጋር ባሳተመው መጽሐፍ ስለ ዝይዎቹ ሙሉ ገጽ ጽፏል።

«በጥንቱ ቋንቋችን በጋይሊክ የወጡትን የቦታ ስሞች ያተረፈልን አባትሽ ነው» አላት ዶክተሩ። «የመጽሐፉ ሁለተኛ እትም ሰኞ ማተሚያ ቤት ይገባል። መታሰቢያነቱን ለእሱ አደርገዋለሁ።»

«ይገባዋል!» አለ ጎረቤታቸው ሙርዶ፣ ሳንድዊች እያላመጠ። «የዝይዎች ማረፊያ! ስም ይሏል ይሄ ነው።»

ጥግ ላይ የሾናክ አጎት የአላን ሚስት ኤፊ አንገቷን ደፍታ ተቀምጣለች።

ሩሪና ወንድሙ አላን ዓሣ ሊያጠምዱ ወጥተው ጀልባቸው ገደሉ ሥር ሲሰበር፣ ሩሪ ድንጋዩ ላይ ዘሎ ወጣ። አላን ከውኃው ውስጥ ሲጣራ መንደሩ ሁሉ ሰማ። ሩሪ ዞር ብሎ ሳያይ ገደሉን ሽቅብ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ቦታው «አላን የተጣራበት» ተባለ። አስከሬኑ ስላልተገኘ ኤፊ ከዚያ ስም ሌላ መቃብር የላትም።

ዶክተሩ ስሞቹን ሊመዘግብ የመጣ ዕለት ሩሪ ዓይኑን በጨው አጥቦ ዝይ ፈጠረ። ጎረቤቶቹ እዚያው ነበሩ። ሰውን በገዛ ቤቱ ማረም ነውር ነው ብለው ሻያቸውን ጠጡ። ውሸቱ ታትሞ ሲመጣ ደግሞ እነሱም በዚያው ይጠሩት ጀመር።

ሾናክ ለእረፍት ስትመጣ ካርታውን አይታ «አባዬ፣ ዝይ የት አየህ?» ብላው ነበር።

«ሾርባሽ ሳይቀዘቅዝ ብይ» አላት። በማግሥቱ ሻንጣዋን ይዛ ወደምትኖርበት ከተማ ወደ ግላዝጎ ተመለሰች።

አሁን ስኒዋን አስቀመጠች። «ውሸት ነው።»

ማላመጡ ቆመ። «ምኑ?» አለ ዶክተሩ።

«ዝይው። አባቴ የፈጠረው ነው። የቦታው ስም አላን የተጣራበት ነው። እዚህ ያለ ሁሉ ያውቃል፤ ይጠይቋቸው።»

«ኧረ ልጄ፣ ሬሳ ባለበት ቤት!» አለ ሙርዶ።

«ሬሳውማ አይሰማም፣ አጎቴ ሙርዶ። የምትሰማው አክስቴ ኤፊ ናት።»

ዶክተሩ ወደ ኤፊ ዞረ። «እውነት ነው፣ እሜቴ?»

ኤፊ ቀና አለች። «ሲጣራ የነበረው እኔን እንኳ አይደለም። ሩሪ፣ ሩሪ ነበር የሚለው።» ካርታውን በጣቷ ነካችው። «ይጻፉት።»

ዶክተሩ እርሳስ ፍለጋ ኪሱን ይዳብስ ጀመር። ሙርዶ ለኤፊ ሻይ ለመቅዳት ተሽቀዳደመ። ሌሎቹም ከበቧትና ስለ አላን ደግነት ያወሩላት ጀመር፤ ለዚያ ስም ዕድሜ ልካቸውን ሲሟገቱ የኖሩ ነው የሚመስሉት።

ሾናክ ትታቸው ጓዳ ገባች። ሲገንዙት ሸሚዙን እስከ ጉሮሮው ቆልፈውታል። አንገቱን ሲይዘው አይወድም ነበር። ጎንበስ ብላ የላይኛዋን ቁልፍ ፈታችለት።