እንጦጦ ሲወጡ የሚተው ሳል

ወይዘሮ ወርቄ ሳላቸው የሰው እጅ እንዳለበት ያመኑት ከእንጦጦ ራጉኤል ጠበል በተመለሱ ማግስት ነው። እዚያ በሰነበቱበት ጊዜ ትንፋሻቸው ተከፍቶ ዳገቱን ያለ ምርኩዝ ይወጡት ነበር። የካ፣ አብረውት ወደሚኖሩት ልጃቸው ዘረሰናይ ቤት ሲገቡ ግን ደረታቸው ታፈነ፤ ማምሻውን ትኩሳት ያዛቸው።

«እዚያ የሌለ፣ እዚህ ያለ ማን ነው?» ብለው አሰቡ።

ምራታቸው ናዝራዊት ናት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ዐይናቸው ከእጇ አልነቀል አለ። ወጥ ስታቀርብላቸው «መጀመሪያ አንቺ ቅመሺ» ይላሉ፤ ቀምሳም አይበሉላትም። ምግባቸው የገዛ ዶሮዎቻቸው እንቁላል ብቻ ሆነ። የዶሮውን ቤት ከመኝታቸው የሚለየው ሳንቃ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ለማንም ሳያስነኩ ራሳቸው ይጠርጉታል።

ሰውነታቸው እያለቀ ሲሄድ ባልና ሚስቱ መገናኛ ወደሚገኝ የሳንባ ሐኪም ወሰዷቸው። ዶክተር ገላና የደረታቸውን ፎቶ አይቶ፣ «ነቀርሳም ካንሰርም አይደለም። ሳንባዎ ተቆጥቷል። ቤት ውስጥ እርግብ ወይም ዶሮ አለ?» አላቸው።

«ዶሮ አለ፣ አልጋቸው ሥር ማለት ይቻላል» አለች ናዝራዊት ቀድማ።

ወይዘሮ ወርቄ ዞረው አዩዋት። የዶሮዎቹ ሽታ አስቸገረኝ ስትል ከርማለች። «ከሐኪሙ ጋር መቼ ተመካከራችሁ?»

«እሷን ዛሬ ገና ማየቴ ነው፣ እናቴ» አለ ዶክተሩ። «የላባውና የኩሱ ብናኝ ነው የሚያሳምምዎት። ካልራቁት ሳንባዎ እየጠጠረ ይሄዳል።»

«እነሱንስ ለምን አላመማቸው?»

«የሁሉም ሳንባ እኩል አይቆጣም።»

አላመኑትም። የታዘዘላቸውን ክኒንም አልዋጡም፤ የገዛችው ናዝራዊት ናትና። ዶሮዎቹን ግን «እስቲ ይታይ» ብለው ጎረቤታቸው ወንጌል ዘንድ አስቀመጡ፤ ክፍላቸውም ታጠበ። ሰንበትበት ሲል ሳሉ ጋብ አለ። ይኼም አላሳመናቸውም። አንድ ጠዋት ነገሩን ሊፈትኑ ለማንም ሳይናገሩ ወንጌል ቤት ሄደው የዶሮውን ቤት እንደ ወትሯቸው ጠረጉ።

ማምሻውን ያው ትኩሳት፣ ያው መታፈን መጣ። የዚያን ዕለት ናዝራዊት አጠገባቸውም አልደረሰችም ነበር።

በማግስቱ ዶሮዎቹን ለወንጌል ሰጧትና ናዝራዊትን ጠርተው ክኒኑን ተቀበሏት።

«ክፉ አስቤብሽ ነበር» አሏት።

«አውቃለሁ፣ እማማ።»

ክኒኑን በውሃ ዋጡና ብርጭቆውን መለሱላት።

«ለሐኪሙ ግን አስቀድመሽ አልደወልሽለትም?»

«አልደወልኩም።»

ፊቷን ትክ ብለው አዩት። «ይሁን» አሉ።