ወንዶቹ ይውጡልኝ

ደቡብ አፍሪካ፣ ሶዌቶ፣ ክሊፕታውን ውስጥ ከሸፊቃ ሱቅ ፊት ለፊት ተጀምሮ የቀረው ክሊኒክ፣ ግድግዳ እንጂ ጣሪያ ኖሮት አያውቅም። ይህን የሰፈሩ ውሻ ሳይቀር ያውቃል። ኮንትራክተሩ ግን ሥራው ለምን ቆመ ብለው ለጠየቁት የከተማው መርማሪዎች ዓይኑን በጨው አጥቦ ሌላ ታሪክ ነገራቸው። «ጣሪያውን ፌብሩዋሪ ላይ ጨርሼው ነበር» አለ። «ለኮሮና ሎክዳውን ታውጆ ሠራተኞቼ ሲበተኑ፣ እነዚያ የውጭ አገር ባለሱቆች ቆርቆሮውን ነቅለው ሱቃቸውን ከደኑበት።»

የሸፊቃ ሱቅ ደግሞ፣ አይ ዕድል፣ አዲስ ቆርቆሮ ለብሷል። የገዛችው በመኪና እየዞረ ከሚሸጥ ሰውዬ ነው፤ ደረሰኝ ከየት ይምጣ? የሰፈሩ ሴቶች ሄደው መሰከሩላት። ኮንትራክተሩ «ደንበኞቿ አይደሉ እንዴ? ምን እንዲሉ ጠብቃችሁ ነው?» ብሎ አጣጣላቸው። ከተማው የመጨረሻውን ስብሰባ ጠራ። ከተፈረደባት ሱቁ ይፈርሳል። ከስልጤ የመጡት ሸፊቃና ባሏ ካሚል ሌላ ምንም የላቸውም፤ የሚተኙትም እዚያው፣ ከዱቄቱ ክምር ጀርባ ነው።

«ሸፊቅ» አላት ካሚል በስብሰባው ዋዜማ፣ «የሰርጋችን ቪዲዮ አለ አይደል? የእናንተ፣ የሴቶቹ?»

ሸፊቃም ስታስበው የከረመችው ይህንኑ ነበር።

ሰርጋቸው ሎክዳውን ሊታወጅ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ ማርች ላይ ነበር። የተከራዩት አዳራሽ ባለቤት በሽታውን ፈርቶ በሩን ዘጋባቸው። ወንዶቹ ሱቁ ደጃፍ ድንኳን ጣሉ። ሴቶቹ ግን ሂጃባቸውን አውልቀው እንደ ልባቸው የሚጨፍሩበት፣ ወንድ የማያያቸው ቦታ ያስፈልጋቸዋል። አራት ግድግዳ ያለው ባዶ ክሊኒክ ፊታቸው ቆሞ ምን ያስጨንቃቸዋል? ዘው ብለው ገቡበት። የሸፊቃ የአክስት ልጅ ፊርዶስ የሁሉንም ስልክ ሰብስባ ከረጢት ውስጥ ከተተችና በሙሽራዋ ስልክ ብቻ ቀረፀች። ከዚያም ሁሉም ሸፊቃን «ወንድ እንዳያየው፣ አማና! አደራ!» አሏት።

«ዝናቡ ሲወርድባችሁ ስትጮኹ ድንኳኑ ውስጥ ሆኜ ሰምቻለሁ» አለ ካሚል። «ጣሪያ ቢኖር ያ ዝናብ በየት ገባ? አሳዪያቸው ብቻ በቃ፣ አሳዪያቸው!»

«ያን ሁሉ ሴት ፀጉሯን ፈትታ? ባዶ ሰማዩን ቆርጬ ባሳይ ደግሞ የየትም ሰማይ ነው ይሉኛል። አማና ነው ካሚል። ባሌ ሆነህ አንተም እንኳ አላየኸውም።»

«እሱስ እውነት ነው» አለ ካሚል። ትንሽ ቅር እንዳለው ያስታውቃል።

በማግስቱ አዳራሹ ውስጥ ወንበሮቹ ተራርቀው ተደርድረዋል፤ ሁሉም ማስክ አድርጓል። ዋናዋ መርማሪ ወይዘሮ ንቶምቢ መነጽራቸው በትንፋሻቸው እየደበዘዘባቸው ይጠርጉታል። ኮንትራክተሩ ጠበቃውን፣ አንዲት ቀልጣፋ ወጣት ሴት፣ አስከትሎ መጥቷል። የየትኛው ሕንፃ እንደሆነ የማይታወቅ የጣሪያ ፎቶ ከፍ አድርጎ አሳየና «ይኸው ጣሪያዬ! እነዚህ ሰዎች ለታማሚዎች የተሠራ ክሊኒክ አራቁተው በላዩ ይነግዱበታል» አለ። አንዳንድ ሰው ዞሮ ሸፊቃን ገላመጣት። ያ ግልምጫ ከሱቁ መፍረስ በላይ አንገበገባት። ሌባ? እሷ?

«የምትጨምሪው ነገር አለ?» አሏት ወይዘሮ ንቶምቢ።

ሸፊቃ ተነሳች። «እማ ንቶምቢ፣ ማስረጃ አለኝ። ነገር ግን ለወንድ አይታይም። ወንዶቹ ይውጡልኝ።»

አዳራሹ ተንጫጫ። ኮንትራክተሩ ሳቀ። «ይሄ የከተማ ስብሰባ ነው ወይስ የሴቶች ማኅበር?» ጠበቃዋም ደንበኛዬ ማስረጃውን የማየት መብት አለው ብላ ተነሳች።

«አንቺ ሴት ነሽ፤ ቁጭ ብለሽ እዪለት» አሏት ወይዘሮ ንቶምቢ። «ወንዶች፣ ወደ ውጭ!»

ቀድሞ የተነሳው ካሚል ነው። ደረቱን ነፍቶ በሩን ከፍቶ ያዘላቸው፤ ወንዶቹም እያጉረመረሙ ተከተሉት።

በሩ ሲዘጋ ሴቶቹ መራራቁን ረስተው ስልኩን ከበቡት። ቪዲዮው ላይ ሸፊቃ ፀጉሯ ወገቧ ላይ ተበትኖ፣ ባዶ እግሯን ትጨፍራለች፤ ፊርዶስ ቢጫ ጀሪካን ትደበድባለች። ድንገት አንዷ ጮኸች። ሁሉም ቀና አሉ፤ ስልኩም አብሮ ቀና አለ። በቀለም ከተጻፈው የክሊኒኩ ስም በላይ ግድግዳው ያልቃል፤ ከዚያ በኋላ ጥቁር ደመና ብቻ ነው። ዝናቡ በሙሽራዋ ፊት ላይ ይወርዳል። ሴቶቹም ጭፈራውን ከማቆም ይልቅ ባሰባቸው።

«ሃይቦ!» አሉ ወይዘሮ ንቶምቢ ተገርመው። የተቀረፀበትን ቀን በዓይናቸው አይተው ወደ ጠበቃዋ ዞሩ። «ደንበኛሽ ጣሪያውን የጨረሰው መቼ ነበር?»

ጠበቃዋ ከስልኩ ላይ ዓይኗን መንቀል አቃታት። «ፌብሩዋሪ» አለች፣ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ።

ከኋላ የተቀመጡ አንዲት አሮጊት ማስካቸውን ወደ አገጫቸው ሳብ አድርገው እልልታቸውን ለቀቁት። ሌሎቹም ተከተሏቸው። የሶዌቶ እልልታና የስልጤ እልልታ ለካስ አንድ ነው። ስታፍር የነበረችው ሸፊቃ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች።

ወንዶቹ ተጠርተው ሲገቡ ወይዘሮ ንቶምቢ ቆመው ነበር። «ያልነበረ ጣሪያ አይሰረቅም። ይህ ሱቅ አይነካም። ክሊኒኩ ለሌላ ሠሪ ይሰጣል፤ የአንተ ጉዳይ ደግሞ ወደ ፖሊስ ይሄዳል» አሉት ኮንትራክተሩን።

«ምን አይታችሁ ነው? እኔም ላየው ይገባል!» ብሎ ጮኸ፤ ጠበቃውንም በክርኑ ጎሸም አደረጋት። ጠበቃዋ ፋይሏን እየዘጋች ነበር።

ሸፊቃ አንገቷን ቀና አድርጋ በሰው ሁሉ ፊት መለሰችለት። «አንተማ ወንድ ነህ፤ አማና አለብኝ። ዝናብ ነበር ወይስ ጣሪያ፣ ጠበቃህን ጠይቃት።»

አዳራሹ በሙሉ ወደ ጠበቃዋ ዞረ።

«ዝናብ ነበር» አለች ጠበቃዋ።