በጉልበት የተገኘ

ላይብረሪው ሊዘጋ ሲል የሚመጣ አንባቢ እንደ ዘገየ እንግዳ ነው፤ አይመልሱት ነገር ነውር፣ አያስተናግዱት ነገር ድካም። የመጻሕፍት መዝጋቢዋ ቀኑን ሙሉ ስክሪን ላይ አፍጥጣ ዓይኗ ደም መስሏል። ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ ካደረገች በኋላ ነው ሽማግሌው መጥተው ከፊቷ የተቀመጡት።

"የባለቤቴን መመረቂያ ጽሑፍ ፈልጊልኝ፣ ልጄ። ፊተኛው ገጽ ላይ ስላንተ ጽፌአለሁ፣ ሄደህ እየው ትለኝ ነበር። ዛሬ ነገ ስል እሷ ቀደመችኝ።"

"ነፍሳቸውን ይማር፣ አባባ። ርዕሱስ?"

"ስለ ፀሐይና ስለ ሕፃናት አጥንት ነው።"

ቦርሳዋን አወረደች። የድሮዎቹ ጽሑፎች ሲመዘገቡ የጸሐፊው ስም ተዘሏል፤ ያለው ርዕስ ብቻ ነው። እሱንም መዝጋቢው ሁሉ ፊደሉን እንዳሻው ነው የጻፈው። በፀሐዩ "ፀ" ፈለገች፤ የግጥም መድበል መጣ። በጸሎቱ "ጸ" ፈለገች፤ የግጥም መድበል በሌላ ፊደል መጣ። ሐመሩን "ሐ" በሃሌታው "ሀ" ቀየረች። ማሽን እንደ ሰው "ያው ነው" ብሎ አያልፍም። "ሕፃናት" ደግሞ የባሰበት ነው።

"ጠፋች?" አሉ ሽማግሌው ቀስ ብለው።

"አልጠፉም። እኛ ነን ፊደሉን ያበዛንባቸው።" ጣቶቿን ከቁልፎቹ ላይ አነሳች። "ርዕሱን እንተወው፣ አባባ። ቤት ውስጥስ ምን ይሉ ነበር?"

"ምን ትላለች፣ ጉልበት ነዋ። እራት ላይ ጉልበት፣ መኝታ ላይ ጉልበት። የልጆች ወልጋዳ ጉልበት ስትለካ ትውልና ማታ እኔን ታደክመኛለች። አንቺ ሴትዮ፣ ጉልበትሽን ቆጥቢ እላታለሁ።"

ጉልበት። ማንም በሌላ ፊደል ሊጽፈው የማይችል ቃል። ከ"ልጆች" ጋር አጣምራ ጻፈችው። ስክሪኑ ጢም አለ፦ የልጆች ጉልበት ብዝበዛ በእርሻ፣ የልጆች ጉልበት ብዝበዛ በፋብሪካ፣ እያለ ይወርዳል።

"ይሄ ሁሉ የሷ ነው?"

"አይደለም። ይሄ የሥራው ጉልበት ነው።"

"እኔማ ከሷ አይቀርም ብዬ።"

ሳቋ መጥቶ ነበር፤ ከድካሟ ብዛት መንገድ ላይ ቀረ። "ብዝበዛ" የሚል ያለበትን ሁሉ እንዲያወጣላት ማሽኑን አዘዘች። ያ ሁሉ ረግፎ አንድ መስመር ቀረ፦ የጸኃይ እጦትና የልጆች ጉልበት መወላገድ።

ከመደርደሪያው አውርዳ፣ አቧራውን በእጅጌዋ ጠርጋ ሰጠቻቸው። መነጽራቸውን ፈልገው እስኪያደርጉ ቆማ ጠበቀች። ፊተኛው ገጽ ላይ ያለው ይህ ብቻ ነበር፦

"ለባለቤቴ፣ እዚህ ገጽ ድረስ ከመጣ።"

ሽማግሌው መስመሯን በጣታቸው ተከትለው ደግመው አነበቡ።

"ይዤው ልሂድ?" አሉ በመጨረሻ።

"መመረቂያ ጽሑፍ ወደ ውጭ አይወጣም፣ አባባ። እዚሁ ተቀምጠው ነው የሚያነቡት።"

"እህ። ሞታም ልታመላልሰኝ ነው በይኛ።" ሁለተኛውን ገጽ በአውራ ጣታቸው ፈለጉ። "ጠዋት በስንት ሰዓት ነው የምትከፍቱት?"